እትዬ ልክና ሰባቱ ስፒሎች

ሱሪን አውልቆ የሚማሩት ትምህርት እንዳለ ከማንም ሰምቼ አላውቅም ነበር። በአንድ ማክሰኞ ረፋድ ተማርኩት። አንባቢዬ ሱሪውን እንደለበሰ ይማረው ዘንድ ይኸው እጽፈዋለሁ።

ወደ ሥራ ስሄድ፣ ከአውቶቡስ በወረድኩበት ቅጽበት፣ የሱሪዬ ዚፕ ማንም ሹም ለቆ በማያውቅበት ፍጥነት ሥልጣኑን ለቀቀ። ቦርሳዬን እንደ ጋሻ ከፊቴ ይዤ ስገሰግስ በፎቶ ቤትና በጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ መካከል የተወተፈች ጠባብ ልብስ ስፌት ቤት አየሁ። በሯ ላይ «የወንድና የሴት ልብስ ስፌት። ልክ እንወስዳለን፤ ሐሜት አንቀበልም» ይላል። ገባሁ።

ባለቤቲቱ ስድሳን የተሻገሩ፣ ሜትር ባንገታቸው ያጠለቁ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ሰፈሩ «እትዬ ልክ» ይላቸዋል። ስለማንኛውም ነገር «ልኩ ይኼ ነው» ካሉ ይግባኝ የለውም። በከንፈራቸው መሐል ሦስት ስፒሎች ነክሰዋል። በግራ ደረታቸው ላይ ደግሞ ሌሎች ስፒሎች እንደ ጀኔራል ኒሻን ተደርድረዋል። አንድ ጊዜ ቦርሳዬን አዩ፣ አንድ ጊዜ ፊቴን አዩ።

«ግባና አውልቅ» አሉኝ፣ ከንፈራቸው ሳይከፈት።

ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ፣ ሱሪዬን በላይ አቀበልኩ፤ እሳቸውም ሮዝ የገበር ቁራጭ ወረወሩልኝ፤ ወገቤ ላይ ጠመጠምኩት። መጋረጃው ጠርዙ ላይ የሁለት ጣት ክፍተት አለው። እኔ ሰላይ አይደለሁም። ነገር ግን ሱሪ የሌለው ሰው የት ይሄዳል?

ወዲያው በሩ ተከፈተና አንዲት ሠላሳዎቹን የጀመረች ሴት ገባች። በብብቷ የተማሪ ደብተር ክምር ይዛለች፤ የቀኝ ጣቷ በቀይ እስክሪብቶ ቀልሟል። ኋላ እንደተረዳሁት የእትዬ ልክ የወንድም ልጅ ናት፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ ታስተምራለች።

«እንደምን አደሩ እትዬ?»

«ደኅና። ዛሬ ትምህርት የለም?»

«ሁለት ክፍለ ጊዜ ለባልደረባዬ ሰጥቼ ነው። ለአምስት ሰዓት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ምን ሆነሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። ስለ ዘር የምታማክር ነርስ አለች፣ እሷ ጋ ነው።»

«ስለ ዘር? የሚዘራው ነው የሚታጨደው?»

«በዘር ስለሚተላለፍ ካንሰር፣ እትዬ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ቀጥሎ ከበፊቱ በባሰ ፍጥነት ተነሣ፤ የኔ ምስኪን ዚፕ ሥሩ ነበር።

«ያንን ስም ሱቄ ውስጥ አትጥሪብኝ» አሉ እትዬ ልክ።

«ስም አይነክስም።»

«ስም ካልነከሰ ሰው ሲሰደብ ለምን ያመዋል?»

እውነቱን ለመናገር፣ ከዩኒቨርሲቲ ክርክሮች ብዙዎቹ እዚህ ደረጃ አልደረሱም። አስተማሪዋ ግን ሠላሳ አምስት ተማሪ ባንድ ጊዜ ሲንጫጫባት የለመደች ናትና አልደነገጠችም። ከደብተሮቹ መሐል አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ነርሷ የቤተሰባችንን ዛፍ ሳዪልኝ አለች። ሴቶቹ ክብ፣ ወንዶቹ አራት ማዕዘን። በናቴ በኩል ሁሉንም ሞላሁ፤ ንጹሕ ነው። ባባቴ በኩል ሁለት ክብ ላይ የጥያቄ ምልክት ቀረ። ሁለቱ ታናናሾችዎ ናቸው። አንዷ በአርባ አንድ ዓመቷ፣ አንዷ በሠላሳ ስምንት። በምን ሞቱ?»

«ትልቋን ምች መታት።»

«ምች ስምንት ወር ያስተኛል?»

«ጠንካራ ምች ነበር።»

«ትንሿስ?»

«ልቧ ደከመ።»

«እትዬ፣ እሷ ስትሞት አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ክፍሏን የማጸዳው እኔ ነበርኩ፣ የደረቷን ፋሻ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ለልብ ድካም ፋሻ ያስራሉ?»

እትዬ ልክ ሱሪዬን ትተው ተነሡ። ጥግ ላይ ጭንቅላት የሌላት የልብስ አሻንጉሊት ቆማለች፤ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ለብሳለች። ጫፉን ማስተካከል ጀመሩ። ሰው ሲናደድ ሳህን የሚያጋጭ አለ፣ በር የሚያላጋ አለ። እሳቸው ከጫፉ ላይ ስፒል ነቅለው ደረታቸው ላይ ይሰካሉ። አንድ።

«ይሁን፣ እሱ ነው እንበል» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡ። «አንቺን ምን አገባሽ? ጡት የሚወረሰው ከናት ነው። እናትሽ ደግሞ ንጹሕ ናት፤ አሁን አንቺው አልሽ። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ጡት ነበረው?»

አስተማሪዋ ሳቀች። «አፍንጫዎን ከማን ወረሱት?»

«ካባቴ። በዚህማ ሰፈር ያውቃል።»

«አባትዎ ሴት ነበሩ?»

«አትቀልጂ!»

«እርስዎ ነዎት የጀመሩት። እስቲ ይኼን ይንገሩኝ። አምና ለትምህርት ቤታችን አርባ የደንብ ልብስ ሲሰፉ ምን ሆነ?»

እትዬ ልክ ወደ ቀሚሱ ጫፍ ጎንበስ አሉ። ነገሩ የቆሰለ ቦታቸው መሆኑ ከጀርባቸው ያስታውቃል።

«ብብቱ ጠበበ» አሉ በመጨረሻ። «የወረቀቱ ቅድ ላይ አንድ መስመር ተሳስቶ።»

«ስንቱ ጠበበ?»

«በዚያ ቅድ የተቆረጠው ሁሉ።»

«ሰውም ከቅድ ነው የሚሰፋው፣ እትዬ። ከናት አንድ፣ ካባት አንድ። ያ ቅድ በሴት ቀሚስ መሳቢያ ፈንታ በወንድ ሱሪ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ስሕተቱ ይታረማል?»

«አይታረምም» አሉ እትዬ ልክ። ሙያቸው ከመከራቸው ቀድሞ መለሰ። ወዲያው መናገራቸው ቆጫቸውና ሁለተኛ ስፒል ሰኩ።

«እንዲያ ከሆነማ ሁላችንም አልቀናላ!»

«አላለቅንም። ስሕተቱ ካለ፣ ለያንዳንዱ ልጅ እንደ ሳንቲም ውርወራ ነው፤ ሊወርስም ላይወርስም እኩል ነው። የወረሰ ሁሉ አይታመምም። የታመመም ሁሉ የወረሰ አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛው የጡት ካንሰር በዘር አይመጣም።»

«ሊሆን ይችላል፣ ላይሆን ይችላል፣ ቢሆንም ላይታመም ይችላል። ይኼን ለመስማት ነው ደምሽን የምትሰጪው? እኔ በነፃ እነግርሽ የለም እንዴ?»

እዚህ ላይ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ግን ትዕግሥቴም አለቀ። የተማረ ሰው ዕዳው ይኼ ነው፤ ሱሪ ሳይኖረው እንኳ አስተያየት አለው። አንገቴን ወደ ክፍተቱ አስጠግቼ፣

«ይቅርታ ጣልቃ ስገባ!» አልኩ። «ይኼማ በሳይንስ ያለቀ ጉዳይ ነው። ማንኛዋም ሴት በግዴታ መመርመር አለባት!»

ሁለቱም ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«ማን ነው?» አለች አስተማሪዋ።

«ዚፕ ነው» አሉ እትዬ ልክ።

አስተማሪዋ ወደ መጋረጃው ቀረበች። ድምፅዋ ትሑት ነበር፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። «ጌታው፣ ሱሪ ለብሰዋል?»

«አልለበስኩም።»

«እንግዲያውስ ግዴታ ስለሚባለው ነገር ሱሪዎን ሲለብሱ ያስቡበት።»

እትዬ ልክ በዚያ ረፋድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ የነከሷቸው ስፒሎች ወለሉ ላይ ተንጠባጠቡ። አስተማሪዋ ግን አልሳቀችም። በመጋረጃውና በአሻንጉሊቷ መሐል ቆማ እንዲህ አለች፦

«ባለፈው ወር አንድ ሐኪም የነዚህን ሁለት አክስቶቼን ነገር ገና ሲሰማ፣ ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ፣ ‹አስቆርጪና ዕረፊ› አለኝ። እትዬ ‹ዝም በይና ዕረፊ› ይላሉ። እኒህ ሰውዬ ደግሞ ‹ተመርመሪና ዕረፊ› አሉ። ሁላችሁም እንዳርፍላችሁ ትፈልጋላችሁ። እኔ ማረፍ አልፈልግም። መወሰን ነው የምፈልገው! ጡቱ የኔ ነው፣ ደሙ የኔ ነው፣ ፍርሃቱም የኔ ነው። ለመወሰን ግን ማወቅ አለብኝ። ሳላውቅ ‹እሺ› ብል መነዳት ነው። ሳላውቅ ‹እምቢ› ብልም ያው መነዳት ነው።»

አንባቢዬ ሆይ፣ በዚያን ጊዜ ሮዙን ገበር አጥብቄ ያዝኩ። ለካስ ‹ዝም በይ› የሚለው ሽማግሌና ‹ተመርመሪ› የሚለው ዘመናይ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። እኔ እስከዚያ ሰዓት ራሴን ከለውጥ ወገን አድርጌ እቆጥር ነበር።

«ያቺ ነርስሽስ ምን ትላለች?» አሉ እትዬ ልክ፤ ድምፃቸው በትንሹ ለዘብ ብሎ።

«ተመርመሪም አትመርመሪም አላለችኝም። ‹ብታውቂ ምን ታደርጊበታለሽ?› አለችኝ። ‹ማን ከጎንሽ ይቆማል? ለማን ትነግሪያለሽ? አሁን ነው ወይስ ኋላ ማወቅ የምትፈልጊው?› አለችኝ። ውጤቱም ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል አለች፦ ተገኘ፣ አልተገኘም፣ ወይም አንድ ነገር አይተናል ግን ትርጉሙን ገና አናውቀውም። ቢገኝ እንኳ ሰማይ አይደፋም። ቶሎ ቶሎ በመሣሪያ መታየት አለ፣ መድኃኒት አለ፣ ቀዶ ጥገናም አለ፤ ሁሉም ጥቅምና ጉዳት አለው፣ ሁሉም በጊዜው። ምንም ሳያደርጉ ቆም ብሎ ማሰብም አለ።»

«ታዲያ ሂጂና ጠይቂያት። እኔን ለምን ታደርቂኛለሽ?»

«አንድ ነገር ጎደለኝ። መጀመሪያ መመርመር ያለበት ታሞ የነበረ ዘመድ ነው። የተሳሳተው መስመር እሱ ላይ ከተገኘ እኔ ላይ የት እንደሚፈልጉት ያውቃሉ፤ እኔ ላይ ከሌለ ደግሞ ያ የቤተሰቡ ስሕተት ወደኔ አልመጣም ማለት ነው። ብቻዬን ሄጄ ‹አልተገኘም› ቢሉኝ ግን በውነት የለም ወይስ የሚፈለግበት ቦታ አልታወቀም? ልቤ አያርፍም። ነርሷም ‹አባትሽ በመኪና አደጋ ሞተዋል፣ አክስቶችሽም የሉም። ታሞ የዳነ፣ በሕይወት ያለ ዘመድ የለሽም?› አለችኝ። የለኝም አልኳት።»

የእትዬ ልክ ጣቶች ጫፉ ላይ ፈጠኑ። አንድ ስፒል ነቅለው ደረታቸው ላይ ወጉ። ሌላ ነቅለው ወጉ።

«ያችን ቀሚስ ታያታለሽ?» አሉ። «የታላቅ አጎትሽ የጋሼ ልጅ ናት የምትለብሳት። አምስት ሳምንት ቀርቷታል። ‹ዘራቸው ላይ አለ› ተብሎ የተወራ እንደሆን ይኼ ቀሚስ የአሻንጉሊቷ ሆኖ ይቀራል!» አምስተኛውን ወጉ።

«ቀሚሱ ይኑር ብላችሁ ባለቀሚሷን ልትቀብሩ ነው?»

«አፍሽን ያዢ!» ስድስተኛው። «የጨዋ ልጅ ጓዳዋን አደባባይ አታወጣም!» ሰባተኛው።

እኔ ከክፍተቱ እያየሁ ነው። ስፒሎቹ እንደ ልብስ ሰፊ ስፒል ልብሱን ብቻ ይዘው አግድም የገቡ አይደሉም። ቀጥ ብለው፣ እስከ ራሳቸው ድረስ ጠልቀዋል። ጩኸት ጠበቅሁ። ጩኸት የለም። ሳላውቀው የራሴን ደረት ይዤ ነበር።

አስተማሪዋም አየች። የሂሳብ ሰው ናትና ሳትወድ ቆጠረች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታየኝ።

«እትዬ…»

«ምንድን ነው?»

«ስፒሎቹ።»

«ምን ሆኑ?»

«ሰባት ናቸው። እስከ ራሳቸው ገብተዋል።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ የወትሮው «እርስዎ»ም አብሮት ወደቀ። «አላመመሽም? እትዬ፣ አላመመሽም እንዴ?»

እትዬ ልክ አንገታቸውን ደፍተው ደረታቸውን አዩ። ሠላሳ ዓመት የሰፈሩን ሁሉ ልክ ሲወስዱ የኖሩት ሴት ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው» አሉ።

«ያኔ… የሐሞት ጠጠር ብለሽን ሆስፒታል የከረምሽው?»

«ሐሞቴ ደኅና ነው።»

እትዬ ልክ ቀና አሉ፤ ዓይናቸው ውስጥ እንባ ሳይሆን እልህ ነበር። «ራሴ ሰፋሁት» አሉ። «ጥጥ ሞላሁበት። ጥጥ ብቻውን ይቀላል፣ ወደ ላይ እየወጣ ያሳጣል። የመጋረጃ ጫፍ ውስጥ የሚገቡትን ትንንሽ የእርሳስ ማዕድን ክብደቶች ጨመርኩበት፤ ልክ ሆነ። አንድም ደንበኛ አላወቀብኝም። እንዲያውም የፎቶ ቤቱ ሚስት ‹የደረትሽ አጣጣል እንዴት ያምራል፣ የኔንም እንደሱ ስፊልኝ› አለችኝ።»

አስተማሪዋ እያለቀሰች ሳቀች። ተንበርክካ የአክስቷን ጉልበት ያዘች።

«ለምን ብቻዎን ቻሉት?»

«ጋሼ ነው። ‹ሁለቱ ሞቱ፤ ሦስተኛዋም ታወቀ ከተባለ የዚህን ቤት ሴት ልጆች ማን ያገባቸዋል?› አለኝ። ለናንተ ብዬ ነው። ላንቺ ብዬ ነው።»

«ለኔ ብለው፣ ከኔ ደበቁ። አሥራ ሁለት ዓመት ‹በናቴ በኩል የለብንም› እያልኩ ተዝናንቼ ኖርኩ። የሚጠብቀኝ ነገር እዚህ ደረትዎ ላይ በስፒል ተወግቶ ተቀምጦ ነበር።»

እትዬ ልክ ቀጥሎ የተናገሩት ለወንድማቸው ልጅም፣ ለኔም፣ ለጭንቅላት አልባዋም አልመሰለኝም።

«ትንሿ እኮ እብጠቱን ቀድማ አግኝታዋለች። አሳየችኝ። ‹ምንም አይደል ይሆናል› አለችኝ፣ እየሳቀች። ምን አውቃ ትፍራ? ታላቅሽን ምች ነው የገደላት ብለናታል። አንድ ዓመት አስቀመጠችው። እኔ አውቅ ነበር። አፌን ያዝኩ። ለቤቱ ስም ብዬ አፌን ያዝኩ።»

የሚከራከራቸው አልነበረም። ከዚህ ወዲያ ክርክሩን ያሸነፈው የተማረችውም ያልተማሩትም አይደሉም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየ የአንዲት ሴት ሳቅ ነው።

«ደምዎን ይስጡኝ አልልዎትም» አለች አስተማሪዋ በቀስታ። «የርስዎ ነው። እርስዎም ሰምተው፣ ጠይቀው፣ አስበው እምቢ ማለት ይችላሉ። አልቀየምዎትም። እየዋሹ እሺ ከሚሉኝ አውቀው እምቢ ቢሉኝ ይሻለኛል።»

«ቆይ፣ አትቸኩይ። ልጠይቅሽ። ውጤቱን ማን ያየዋል?»

«እርስዎና የሚያማክሩዎት። ያለ ፈቃድዎ ለማንም አይነገርም። ለኔም ቢሆን።»

«ቢገኝብኝስ እኔን ምን ይጠቅመኛል? የሄደው ሄዷል።»

«አንዱ አለ እኮ! የእንቁላል ማምረቻውም አለ። ስሕተቱ ካለ እነሱንም ይመለከታል፤ ክትትል ያስፈልግዎታል።»

«ይኼን አንድ ሰው ነግሮኝ አያውቅም።»

«ማን ይንገርዎ? የሐሞት ጠጠር ታማሚ ነዎት።»

እትዬ ልክ ይኼን ጊዜ የመጀመሪያውን ስፒል ከደረታቸው ነቀሉ። ሁለተኛውን ሲነቅሉ ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ተንጫጫ። አይተው ፊታቸው ተለወጠ። «ጋሼ ነው» አሉ። እጃቸው በስፒል ተይዞ ስለነበር ድምፅ ማጉያውን ጫኑት፤ የጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ የታላቅ ወንድማቸው ድምፅ ሱቁን ሞላው።

«ቀሚሱ ደረሰ ወይ?»

«እየደረሰ ነው ጋሼ። ጋሼ፣ ዛሬ ሐኪም ቤት ልሄድ ነው።»

«ምነው?»

«ስለ ካንሰሩ።»

ቃሉን ሲያወጡት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ጣሪያው አልተደረመሰም፤ ቀና ብለው ያዩት ግን መሰለኝ።

«ማን አለ እዚያ?» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«የወንድማችን ልጅ አለች። አንድ ሱሪ የሌለው ሰውም አለ።»

«ምን?!»

«እሱን ይተዉት፣ ዚፕ ነው።»

«አንቺ ሴት አብደሻል? ሠርግ አምስት ሳምንት ቀርቶት?»

«እሱ ነው ያስቸኮለኝ። የሙሽራዋን ልክ ሁሉ ወስጃለሁ፤ ይኼ አንዱ ነው የቀረው። ልጅዎ ትስማ። ሰምታ የምታደርገውን እሷ ታውቃለች። ትመርመር አላልኩም፤ ትስማ ነው ያልኩት።»

«ልጄን ምን አገባት? እኔ ወንድ ነኝ! በኔ በኩል ምን ሊመጣ ነው?»

«የሞተው ወንድማችንም ወንድ ነበር። ቅዱ በሱሪ መሳቢያም ይቀመጣል ጋሼ።»

«የምን መሳቢያ?»

«ይምጡና አሳይዎታለሁ።»

«የቤቱን ስም ልታጠፊው ነው!»

«ለቤቱ ስም ብለን ሁለት እህት ቀብረናል» አሉ እትዬ ልክ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ስሙ ይኸው ደኅና ነው፣ ምንም አልሆነም። የሌሉት እህቶቻችን ናቸው። በሉ ደኅና ይዋሉ ጋሼ።»

ስልኩንም ዘጉ። አስተማሪዋ አፏን በእጇ ይዛ ነበር። በዚያ ቤተሰብ ጋሼ ላይ ስልክ ቀድሞ የዘጋ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በጥድፊያ ሆነ። እትዬ ልክ ሜትሩን ካንገታቸው አወለቁ፣ ነጠላ ጫማቸውን ቀየሩ፣ ሱሪዬን በመጋረጃው ላይ ወረወሩልኝ። ዚፑ ግማሽ ተሰፍቷል። ሰባቱን ስፒሎች ከደረታቸው ነቅለው ሰጥተው የቀረውን በነሱ እንድይዘው አዘዙኝ።

«ቀስ ብለህ ተራመድ» አሉኝ። «ያንተ ሥጋ ነው፤ ሲወጋህ ትሰማዋለህ።»

ስወጣ ሁለቱ በሩ ላይ ናቸው። ሱቁ ሲዘጋ ምክንያቱን የሚጽፉባት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ አለች፤ ዓመቱን ሙሉ «እመለሳለሁ» ከማለት በቀር ሌላ አልተጻፈባትም። እትዬ ልክ የስፌት ጠመኔያቸውን አውጥተው፣ ባልተቻኮለ እጅ፣ እንዲህ ጻፉ፦

«ስለ ጡት ካንሰር የዘር ምርመራ ለመመካከር ሐኪም ቤት ሄጃለሁ። ማወቅ የምትፈልግ ነገ ትምጣ። ማማት የምትፈልግ ዛሬውኑ ትጀምር።»

ስፒሎቹን ለመመለስ የሄድኩት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሱቋ ሰው በሰው ሆናለች። ከመደርደሪያው አንዱ ላይ፣ ከክሮቹ ጎን፣ በጥጥና በእርሳስ የተሞሉ ትንንሽ ነገሮች በልክ በልካቸው ተደርድረዋል፤ ለሚያስፈልጋት ይሰፋሉ፣ እየተደበቁ መግዛት ቀርቷል። የፎቶ ቤቱ ሚስት ወንበር ላይ ተቀምጣ የቤተሰቧን ዛፍ ትሥላለች፤ ለባሏ ዘመዶች ቦታ ጠቧት በወረቀቱ ጀርባ ላይ ትቀጥላለች።

«ለልጆቼ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

«የኔ ተገኘ» አሉኝ እትዬ ልክ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው። «ስለተገኘ አሁን የቀረውን በየጊዜው ያዩልኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ስፈራ የኖርኩትን አሁን በቀጠሮ ነው የምፈራው፤ ከቀጠሮው ውጭ ሥራዬን እሠራለሁ። ሙሽራዋ ከሠርጉ በፊት ለእጮኛዋ ነገረችው። አንድ ቀን ጠፋ፣ በማግሥቱ የራሱን እናትና አክስቶች ዘርዝሮ ይዞ መጣ። ቀሚሱ ተለብሷል። የሙሽራዋ ታናሽ እህት ደግሞ ነርሷን ሁሉን ጠይቃ ‹አሁን አልመረመርም፣ ሠላሳ ሲሞላኝ› አለች። አንዳንዶች ፈራች አሉ። አልፈራችም። አውቃ ነው ያቆየችው፤ የሚቀጥለውን ደግሞ እሷ ታውቃለች።»

«ጋሼስ?»

«ባለፈው ሳምንት ኮፍያውን አውልቆ መጣ። እዚያ ቆሞ፣ ‹የቱ ነው መሳቢያው?› አለኝ።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ የሚጠይቀኝን አውቃለሁ። አስተማሪዋስ? ተመረመረች? ተገኘባት? እኔም ይኼንኑ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሷ ራሷ ደብተሮቿን ይዛ ገባች። አየችኝ። ወደ መጋረጃው አየች፣ ወደ እኔ ተመለሰች።

«ጌታው፣ ዛሬ ሱሪ ለብሰዋል?»

«ለብሻለሁ» አልኩ በኩራት።

«ጥሩ። ቢሆንም አልነግርዎትም።»